ድጋፉ ያለቀበት ኮምፒውተር ምን ይሁን? ለዩኒቨርሲቲ አይቲ ባለሙያዎች የምርጫ መመሪያ

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ያበቃው ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሮቹ እንደ ወትሮው ተከፈቱ። ፕሪንተሩ ሠራ፣ ኢሜይሉ ገባ፣ ተማሪው መመረቂያ ጽሑፉን ቀጠለ። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ኮምፒውተር ሲበላሽ ባለቤቱ ራሱ ይደውልልናል። ድጋፉ ሲያልቅ ግን ማንም አይደውልም።

ድጋፍ አለቀ ማለት አምራቹ የደህንነት ቀዳዳዎችን መድፈን አቆመ ማለት ነው። አዳዲስ ቀዳዳዎች መገኘታቸው ግን አይቆምም። እንዲያውም ነገሩ ይብሳል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ብዙ ኮድ ይጋራሉ። ለ11 በየወሩ የሚወጣውን ፓች (የቀዳዳ መድፈኛ) አጥቂዎች ፈታተው ያዩታል፤ ምን እንደተደፈነም ይደርሱበታል። ያው ቀዳዳ በአሮጌው ላይ ክፍቱን ነው።

ስለዚህ ምርጫ ማድረግ ግድ ነው። ግን "የትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሻላል?" ብሎ መጀመር አያዋጣም። በዚህ ጥያቄ የተጀመረ ስብሰባ ሳይቋጭ ያልቃል። እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ማሽኑ ምን ይሠራል? አፕዴቱን በየወሩ የሚጭነው ማን ነው? እስከ መቼ ያገለግለናል? ለሦስቱ መልስ ካለ ምርጫው ራሱ ይመጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ ችላ ይባላል። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ ብዙ ሰው ጥፋቱን በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ነው የደፈደፈው። ኤክስፒ በእርግጥ ከኤፕሪል 2014 ጀምሮ ድጋፍ አልነበረውም። ከተጠቁት ማሽኖች አብዛኞቹ ግን ዊንዶውስ 7 የጫኑ ነበሩ፤ ያኔ ደግሞ የ7 ድጋፍ ገና አላለቀም። ማይክሮሶፍት ፓቹን ያወጣው ከጥቃቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በማርች ነው። ፓቹ ነበረ፤ የጫነው ግን አልነበረም። አዲስ ሲስተም ገዝቶ የሚጭን ሰው አለመመደብ ከአሮጌው ብዙም አይለይም።

መጀመሪያ ዝርዝሩ

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተር የሚገዛውም የሚያስተዳድረውም አንድ ክፍል ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲህ አይደለም። አንዱን ማሽን አስተዳደሩ፣ ሌላውን የትምህርት ክፍሉ፣ ሌላውን ደግሞ የምርምር ፕሮጀክት ይገዛዋል። ፕሮጀክቱ ያልቃል፤ ማሽኑ ግን ጥግ ይዞ መሥራቱን ይቀጥላል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቀ የዶክትሬት ተማሪ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ዝርዝር ይሠራ። ማሽኑ የት እንዳለ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ የጫነው ሲስተም ከነስሪቱ፣ ድጋፉ የሚያልቅበት ቀን፣ ከየትኛው ኔትወርክ ጋር እንደተገናኘ። ተራ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቃል። ዘመናዊ የማስተዳደሪያ ሶፍትዌር እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም።

"ከነስሪቱ" ያልኩት በምክንያት ነው። "ዊንዶውስ 11" ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ስሪት የራሱ ማብቂያ አለው። ሆምና ፕሮ ለ24 ወር ይደገፋሉ፣ ኢንተርፕራይዝና ኤዱኬሽን ለ36 ወር። 23ኤች2 የተባለውን ስሪት ውሰዱ። የፕሮው ማብቂያ ኖቬምበር 11 ቀን 2025 ነው። የኤዱኬሽኑ ኖቬምበር 10 ቀን 2026። ስሪቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ዓመት ነው። የኤዱኬሽን ላይሰንስ ያለው ተቋም ከሱቅ በፕሮ የመጡ ማሽኖቹን ወደ ኤዱኬሽን ቢቀይራቸው ሌላ ወጪ ሳያወጣ ይህን አንድ ዓመት ያገኛል።

የቢሮና የመምህራን ኮምፒውተሮች

እዚህ ያሉት አማራጮች ሦስት ናቸው፦ ያንኑ ማሽን ወደ 11 ማሳደግ፣ የተራዘመ የደህንነት አፕዴት መግዛት፣ ወይም አዲስ ማሽን መግዛት።

ማሳደግ የሚቻል ከሆነ ሌላ ማሰብ አያስፈልግም። መስፈርቱ ይታወቃል፦ ቲፒኤም 2.0 (የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ ቺፕ)፣ ሴኪዩር ቡት (ሲነሳ የታመነ ሶፍትዌር ብቻ የማስነሳት ጥበቃ) የሚችል ማሽን፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክ፣ በኢንቴል በኩል ባጠቃላይ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር። 4 ጊጋባይት ራም ለመጫን ይበቃል፤ ለመሥራት ግን አይበቃም። 8 ከሌለው ራም ጨምሩለት፤ ዲስኩም የድሮው ተሽከርካሪ ከሆነ ተሽከርካሪ ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ፣ በኤስኤስዲ፣ ተኩት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። "ይህ ኮምፒውተር አያሟላም" የሚለው መልእክት ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ቲፒኤሙ ማሽኑ ውስጥ እያለ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው መሠረታዊ ሶፍትዌር) ቅንብር ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ለመግዣ በጀት ከመጠየቃችሁ በፊት ባዮሱን ክፈቱና አረጋግጡ። አንድ የኮምፒውተር ላብ ሙሉ በዚህ ብቻ ከመጣል ሊድን ይችላል።

መስፈርቱን በዘዴ ዘልሎ 11ን መጫንስ? ዘዴው አለ፤ ለቤት ኮምፒውተር የሚሞክረው ይሞክር። ለዩኒቨርሲቲ ግን አልመክርም። ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ለማያሟላ ማሽን አፕዴት የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት በግልጽ ተናግሯል። 24ኤች2 የተባለው የ11 ስሪት ሲመጣ ደግሞ አስፈላጊው የፕሮሰሰር ትእዛዝ የሌላቸው በጣም አሮጌ ማሽኖች ጭራሽ መነሳት አቅቷቸዋል። መቶ ማሽን በዘዴ ጭኖ በአንድ አፕዴት መቶውንም ማጣት ማለት ነው።

ሁለተኛው አማራጭ፣ የተራዘመው አፕዴት፣ ለትምህርት ተቋማት በጣም ርካሽ ነው። ለድርጅቶች ለአንድ ማሽን በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ 122 ከዚያም 244 ይደርሳል። ለትምህርት ተቋማት ግን 1፣ 2 እና 4 ዶላር ነው። በሦስት ዓመት 427 ዶላር የሚከፈልበትን ነገር ዩኒቨርሲቲ በ7 ዶላር ያገኘዋል። እስከ ኦክቶበር 2028 ያስኬዳል።

ታዲያ ሁሉን ማሽን በዚህ መመዝገብ አይሻልም ወይ? ዋጋውን ሳይ እኔም ይህን ነበር ያሰብኩት። አሁን ግን የማየው እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ነው። የሚሰጠው ወሳኝና አስፈላጊ የተባሉትን የደህንነት ፓቾች ብቻ ነው። አዲስ ነገር የለውም፤ መደበኛው የቴክኒክ ድጋፍም የለም። ማሽኑ በመጨረሻው የዊንዶውስ 10 ስሪት፣ በ22ኤች2፣ ላይ መሆን አለበት። ዘግይቶ የሚገባም ያለፉትን ዓመታት ክፍያ አብሮ ይከፍላል፤ "ዘንድሮ እንተወው፣ ከርሞ እንገባለን" ማለት ገንዘብ አያተርፍም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ሲስተሙ ቢራዘምም ሌሎች ሶፍትዌሮች አብረው ይራዘማሉ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ 7ን አስታውሱ። የተራዘመው አፕዴቱ ያለቀው በጃንዋሪ 2023 ነው፤ ክሮም በቀጣዩ ወር ጥሎት ሄደ። የትምህርት ማስተዳደሪያው፣ የቪዲዮ ስብሰባው፣ የፈተናው ሶፍትዌር እያንዳንዱ በራሱ ቀን አሮጌውን ሲስተም መደገፍ ያቆማል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ 11ን የሚያሟላውን ዛሬውኑ አሳድጉ። የማያሟላውን በተራዘመው አፕዴት አስመዝግቡና በየዓመቱ አንድ ሦስተኛውን ተኩ። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ የሚተርፍ ማሽን አይኖርም። ሬጅስትራር፣ ፋይናንስና የሰው ኃይል መጀመሪያ ይተኩ፤ የተማሪ ውጤትና ደመወዝ ያለው እነሱ ጋ ነውና።

የተማሪዎች ላብ

እዚህ ላይ አማራጩ ይሰፋል። ማሽኖቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ ፋይል አይቀመጥባቸውም፤ ሁሉንም በአንድ ቀን እንደ አዲስ መጫን ይቻላል።

ወሳኙ ጥያቄ በላቡ የሚሰጠው ኮርስ ነው። ኮርሱ ፕሮግራሚንግ፣ ስታቲስቲክስ በአር ወይም በፓይተን፣ ማትላብ፣ ወይም መደበኛ ጽሑፍና ሠንጠረዥ ከሆነ ነፃው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ በደንብ ይሠራዋል። በ2012 የተገዛ ማሽን እንኳን ኤስኤስዲ ከገባለት ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ያስኬዳል። ኮርሱ አውቶካድ የተባለውን የንድፍ ሶፍትዌር የሚፈልግ ከሆነ ግን ክርክር የለውም፤ አውቶካድ ለሊኑክስ የለም። የሥነ ሕንፃውን ላብ ወደ ሊኑክስ ወስዶ መምህሩን "አማራጭ ፈልግ" ማለት ተማሪዎቹን መበደል ነው።

ከሊኑክሶቹ የትኛው? ለላብ የኡቡንቱን ኤልቲኤስ (የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን ስሪት) እመርጣለሁ። በየሁለት ዓመቱ ይወጣል፣ 5 ዓመት ይደገፋል። 22.04 እስከ 2027፣ 24.04 እስከ 2029 ነው። በመካከል የሚወጡትን፣ 25.10ን የመሰሉትን፣ ላብ ላይ አትጫኑ፤ ድጋፋቸው 9 ወር ብቻ ነው። ሁለት ሴሚስተር ሳይሞላ እንደገና መጫን ይመጣል። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ዴቢያንም ጥሩ ነው፤ የዋናው ቡድን ድጋፍና ተከትሎ የሚመጣው የረጅም ጊዜ ድጋፍ ሲደመር ወደ 5 ዓመት ይሆናል። ልምድ ያለው ሰው ካላችሁ ዴቢያን አያሳፍርም።

ሌላው አማራጭ የጎግል ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ክሮምኦኤስ ፍሌክስ ነው። ነፃ ነው፤ በአሮጌ ፒሲ ላይ ይጫናል፤ አፕዴቱን ራሱ ይጭናል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካታሎግ ለማየትና ኢንተርኔት ለመጠቀም ብቻ ለተቀመጡ ማሽኖች ከዚህ የሚቀል አላየሁም። ከብሮውዘር ውጪ ለሚሠራ ሥራ ግን አይሆንም፤ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችንም አይጭንም። ጎግል ለተረጋገጡት ሞዴሎች የድጋፍ ማብቂያ ዓመት በዝርዝር ያወጣል። ሞዴላችሁን መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

አንድ ምክር ልጨምር። ላብን ወደ ሊኑክስ ስትቀይሩ መምህራኑን በዕቅዱ ጊዜ አስገቧቸው። በክረምት ዕረፍት ቀይሮ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህሩን ማስደንገጥ ጥሩውን ውሳኔ ያበላሻል። አንድ ክፍል ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ መምህሩ የራሱን መልመጃዎች ይሞክርበት።

ከምርምር መሣሪያ ጋር የተጣበቀ ኮምፒውተር

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከባዱ ይህ ነው። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ፣ ማስ ስፔክትሮሜትር፣ የኤክስሬይ መመርመሪያ ብዙ ገንዘብ ወጥቶባቸው ይገዛሉ፤ 15 እና 20 ዓመትም ያገለግላሉ። የሚያዛቸው ኮምፒውተር ግን በተገዙበት ዘመን ሲስተም ላይ ቆሟል። ዊንዶውስ 7 ወይም ኤክስፒ ነው። ውስጡ ያለው ካርድ ለአዲሱ ዊንዶውስ ድራይቨር የለውም። የመሣሪያው አምራች "አዲሱን ሞዴል ግዙ" ይላል።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስሠራ በኔትወርክ ፍተሻ አንድ ኤክስፒ አገኘን። አደገኛ ነው ብዬ ባለቤቱን ሳልጠይቅ ከኔትወርኩ ቆረጥኩት። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ የሚወስድ ልኬት ላይ ነበር፤ ውጤቱን የሚጽፈው ደግሞ በኔትወርክ ላይ ወዳለ ፎልደር ነው። ተመራማሪዋ ጠዋት መጥታ ባዶ ፋይል አገኘች። ናሙናው ተመልሶ የማይገኝ ነበር። የቆረጥኩበት ምክንያት ትክክል ነበር፤ አካሄዴ ግን ትክክል አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ የምነቅለው ገመድ የለም።

ለእነዚህ ማሽኖች ያሉትን አማራጮች በምመርጥበት ቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

በመጀመሪያ አምራቹን ጠይቁ። አንዳንዴ አዲሱ የሶፍትዌሩ ስሪት በ10 ወይም በ11 ላይ ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የላይሰንስ ክፍያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ክፍያው ቢከብድም ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ስታነጻጽሩት ይቀላል።

አምራቹ እምቢ ካለ መለየት ነው። ማሽኑን ለብቻው በሆነ ቪላን (ከሌላው ተለይቶ የተከፈለ የኔትወርክ ክፍል) ውስጥ አስገቡት። ኢንተርኔት አይኑረው፤ ኢሜይል አይከፈትበት። ከአንድ መካከለኛ የፋይል ሰርቨር ጋር ብቻ፣ በአንድ አቅጣጫ ቢሆን ይመረጣል፣ ፋየርዎሉ ይፍቀድለት። ተመራማሪው ውጤቱን ከሰርቨሩ ይወስዳል።

ሦስተኛው ጭራሽ ከኔትወርክ መንቀል ነው። ብዙዎች አስተማማኙ ይህ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ኔትወርክ የሌለው ማሽን ዳታው በፍላሽ ይወጣል። ያ ፍላሽ ከተማሪ ላፕቶፕ ወደ ማተሚያ ቤት፣ ከማተሚያ ቤት ወደ ላብ ይዞራል። ቫይረስ የሚገባው በዚያ ነው። በደንብ የተለየ ኔትወርክ በእጅ ከሚዞር ፍላሽ ይሻላል። መንቀል ግድ ከሆነ ለዚያ ማሽን ብቻ የሚውል ፍላሽ ይመደብ፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሳይፈተሽ አይመለስ።

ማሽኑን ወደ ቨርቹዋል፣ በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ወደሚሠራ ማሽን፣ መቀየርስ? መሣሪያው በዩኤስቢ ወይም በኔትወርክ የሚገናኝ ከሆነ ሊሞከር ይችላል። በውስጥ ካርድ ከሆነ ግን ብዙ ያደክማል።

የትኛውንም ብትመርጡ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ዛሬ ውሰዱ። የ15 ዓመት ዲስክ የሚሞትበትን ቀን አይናገርም፤ የመጫኛ ሲዲውም ላይገኝ ይችላል። ከቅጂው ላይ መልሳችሁ አስነስታችሁ ሞክሩት። ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል።

ለወደፊቱ ግዢም አንድ ነገር አለ። መሣሪያ ሲገዛ ኮምፒውተሩ ምን ሲስተም እንደሚጭንና እስከ መቼ እንደሚደገፍ በውሉ ውስጥ ይጠየቅ። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆን ኤልቲኤስሲ የሚባል የዊንዶውስ ዓይነት አለ። የ2021ዱ የዊንዶውስ 10 ኤልቲኤስሲ እስከ ጃንዋሪ 2027 ነው፤ በመሣሪያ ውስጥ ለሚገባው፣ አይኦቲ ለሚባለው፣ እስከ ጃንዋሪ 2032 ይሄዳል። ስማቸው ይመሳሰላል፤ ልዩነታቸው 5 ዓመት ነው። ሻጩ የትኛውን እንደጫነ በጽሑፍ ይንገራችሁ።

ሰርቨሮች

ዩኒቨርሲቲዎችን ክፉኛ ያስደነገጠው ሴንትኦኤስ የተባለው ነፃ የሊኑክስ ዓይነት ጉዳይ ነው። ብዙ የምርምር ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ) በእሱ ላይ ቆሞ ነበር። ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 ይደገፋል ተብሎ ሲጠበቅ በዲሴምበር 2020 ማብቂያው ወደ 2021 መጨረሻ መጣ። ሴንትኦኤስ 7 ደግሞ ጁን 30 ቀን 2024 አበቃ። ለዚህ ነው ከማብቂያ ቀኑ ሌላ ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነ የምመለከተው።

ምትክ ሆነው የመጡት አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ናቸው። ሁለቱም ሬድ ሃት ከተባለው ኩባንያ ሊኑክስ ጋር የሚጣጣሙ ናቸው። ስሪት 8 እስከ 2029፣ ስሪት 9 እስከ 2032 ይደገፋል። የምርምር ሶፍትዌራችሁ "በሬድ ሃት ላይ ተረጋግጧል" የሚል ከሆነ ከእነዚህ አንዱን ያዙ። በሁለቱ መካከል ብዙ አትጨነቁ። እንዲህ ያለ ግዴታ ከሌለ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ይበቃል። ኡቡንቱ ፕሮ የኤልቲኤሱን ድጋፍ ወደ 10 ዓመት ያደርሰዋል፤ ለግል እስከ 5 ማሽን ነፃ ነው፤ ለተቋም ግን ይከፈልበታል።

በዊንዶውስ በኩል ሰርቨር 2012 ያበቃው በኦክቶበር 2023 ነው፤ የተከፈለበት ማራዘሚያም ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ያልቃል። የ2016ቱ ጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ያበቃል። የ2019ኙ እስከ ጃንዋሪ 2029፣ የ2022ቱ እስከ ኦክቶበር 2031 ይሄዳል። ወደ 2019 መሸጋገር ትርፍ የለውም፤ ያንኑ ድካም ቶሎ መድገም ነው።

ባለበት ማሳደግ ወይስ ጎኑ አዲስ መሥራት? ለሰርቨር ሁልጊዜ አዲስ ሠርቶ አገልግሎቱን ማዛወርን እመርጣለሁ። ባለበት ማሳደግ ፈጣን ይመስላል፤ ሲሰናከል ግን መመለሻው ባክአፕ ብቻ ነው። አዲሱ ጎኑ ካለ አሮጌው ሳይነካ ይሞከራል። የተማሪዎች ምዝገባ ሰርቨር ላይ ቁማር አይጫወቱም።

ማክ

አፕል እንደ ማይክሮሶፍት የማብቂያ ቀን አያሳትምም። በተግባር የደህንነት አፕዴት የሚያገኙት የመጨረሻዎቹ ሦስት ስሪቶች ናቸው። በ2025 የወጣው ማክኦኤስ 26፣ ታሆ፣ በኢንቴል ማክ ላይ የሚጫን የመጨረሻው ነው። ያገለገለ ኢንቴል ማክ በርካሽ ቢቀርብላችሁም አትግዙ።

መቼ ይሠራ?

ቀኑን የሚወስነው የአምራቹ ማስታወቂያ ብቻ ከሆነ ሥራው ፈተና ላይ ይወድቃል። ኦክቶበር 14 ለማይክሮሶፍት አመቺ ቀን ነው፤ ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ትምህርት የተጧጧፈበት ነው። የራሳችሁን ካላንደር አንሱና ከማብቂያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከማብቂያው በፊት ያለው ረጅም ዕረፍት የመጫኛ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሴሚስተር የመሞከሪያ። ከእሱ በፊት ያለው ደግሞ የበጀት መጠየቂያ። ስለዚህ ሥራው ከዓመት በፊት ይጀምራል። የምዝገባና የፈተና ሳምንታት አይነኩም።

ቀኑ ደርሶ የማይቀየር ማሽን ይኖራል። ለእሱ የልዩ ፈቃድ ወረቀት አዘጋጁ። ምክንያቱ፣ የተደረገለት ጥበቃ፣ ፈቃዱ የሚያልቅበት ቀን ይጻፍበት። የሚፈርመው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወይም ዲኑ ይሁን፤ የአይቲ ቴክኒሻን ብቻውን አይሸከመው። ከአንድ ዓመት በላይ አትፍቀዱ። ኃላፊው በየዓመቱ ሲፈርምበት ለመተኪያው በጀት መጠየቅም ትዝ ይለዋል።

የሚወገዱት ማሽኖችስ? የተማሪ ውጤት ወይም የምርምር ዳታ የነበረበት ዲስክ ፎርማት ስለተደረገ ብቻ ንጹሕ አይደለም። ተሽከርካሪው ዲስክ በላዩ ላይ ተጽፎበት ይጠፋል። ኤስኤስዲው በራሱ የማጥፊያ ትእዛዝ ይጸዳል። የማይነሳው በአካል ይሰበራል። ማሽኑ ከዝርዝሩ የሚሰረዘውም ይህን የሠራው ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ ከፈረመ በኋላ ነው።